በመጋዘን የቆየ የ1975 ፒንቦል፦ ከቀለሙ በፊት ምን ይቅደም?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው የጎትሊብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣውን «ኤል ዶራዶ» የተባለ የአንድ ተጫዋች ፒንቦል ማሽን (በተዳፋት ሰሌዳ ላይ ኳስ እየመቱ ነጥብ የሚሰበስቡበት የሳንቲም ጨዋታ) ገዝተዋል። ማሽኑ ለብዙ ዓመታት ሳይበራ በመጋዘን የቆመ ነው፤ ሻጩ ግን «ሶኬት ላይ ይሰኩት እንጂ ይሠራል» ብሏቸዋል። በፍሊፐሮቹ (ተጫዋቹ ኳሱን መልሶ በሚመታባቸው ክንዶች) ፊትና በባምፐሮቹ (ኳስ ሲነካቸው በሚያስፈነጥሩት ክብ ምሰሶዎች) ዙሪያ የሰሌዳው ቀለም ተበልቶ እንጨቱ ወጥቷል፤ የጀርባ ሣጥኑ ባለሥዕል መስታወትም መላላጥ ጀምሯል። ጠያቂው ሰሌዳውን ሙሉ በሙሉ ቀብተው ክሊር (ግልጽ) ቫርኒሽ በማልበስ እንደ አዲስ ሊያደርጉት አስበዋል። ሥራውን ከየት መጀመር እንዳለባቸውና አምፖሎቹን በኤልኢዲ መቀየር ይገባ እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋሉ።

ውድ ጠያቂ፣ ማሽኑን ለጊዜው ሶኬት ላይ አይሰኩት፤ የቀለም ብሩሹንም ገና አያንሡ። ሁለቱንም የምለው ከአንድ ሐሳብ ተነሥቼ ነው። በአሮጌ ፒንቦል ላይ ከሚሠሩት ሥራዎች መካከል ስዊች ማስተካከል፣ ጎማ መቀየር፣ ቆጣሪ ማጽዳትና የመሳሰሉት ነገ ካልተስማሙዎት ሊመለሱ ይችላሉ፤ ሰሌዳን ሙሉ በሙሉ መቀባት፣ ክሊር መርጨትና የመስታወቱን ጀርባ ማሸግ ግን አንዴ ከተደረጉ መመለሻ የላቸውም። ስለዚህ የሚመለሱት ሥራዎች መጀመሪያ፣ የማይመለሱት ደግሞ መጨረሻ ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ማሽኑ ለጥቂት ሳምንታት በደንብ መጫወት አለበት። ገና ያልሠራ ማሽን ሰሌዳን አሳምረው የጨረሱ ሰዎች በኋላ ከሥር አንድ ብልሽት ሲገኝ አዲሱን ቫርኒሽ እየሰነጠቁ ምሰሶዎችን ሲነቅሉ ማየት በዚህ ሙያ የተለመደ ነገር ነው።

በመጀመሪያ የያዙትን ዕቃ እንወቀው። ኤል ዶራዶ ኤሌክትሮ-ሜካኒካል ከሚባለው ትውልድ የመጨረሻ ዘመን የወጣ ሲሆን፣ ለእኔ ከዚያ ትውልድ ምርጥ ሥራዎች አንዱ ነው። ኮምፒዩተር የለውም። ነጥብ የሚደምረው፣ ኳስ የሚቆጥረው፣ ጨዋታውን የሚጀምረውና የሚጨርሰው በሪሌዎች (በኤሌክትሪክ ማግኔት በሚከፈቱና በሚዘጉ ስዊቾች)፣ በአንድ ሞተርና በሚዞሩ የቁጥር ከበሮዎች ነው፤ ይህም ማለት የብልሽቱ መንስኤ ሁሉ በዓይን የሚታይና በጣት የሚነካ ነው ማለት ነው። የቺካጎ ኩባንያዎች፣ ማለትም ጎትሊብ፣ ባሊና ዊልያምስ፣ ከ1977 አካባቢ ጀምሮ ወደ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ ተሻግረዋል። ወደፊት ከዚያ ወዲህ የተሠራ ማሽን የሚገዙ ከሆነ ከማንኛውም ነገር በፊት በቦርዱ ላይ ያለውን ባትሪ ይመልከቱ፤ ለዓመታት የተረሳ ባትሪ ፈስሶ የቦርዱን የመዳብ መስመሮችና የአይሲ (የቺፕ) ማቀፊያዎች ይበላል፤ ብዙ ማሽን የሞተውም በጨዋታ ሳይሆን በዚህ ነው። የእርስዎ ማሽን ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው።

የኤል ዶራዶን ሰሌዳ የነደፈው ኤድ ክሪንስኪ፣ ሥዕሉን የሣለው ደግሞ ጎርደን ሞሪሰን ነው። ይህ የነጠላ ተጫዋች ማሽን እህቶች አሉት፤ «ጎልድ ስትራይክ»፣ ለአራት ተጫዋች የሆነው «ታርጌት አልፋ» እና ለሁለት ተጫዋች የሆነው «ሶላር ሲቲ» በአንድ የሰሌዳ ንድፍ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ነጻ ጨዋታ መሸለም እንደ ቁማር ይቆጠር ስለነበር፣ ጎትሊብ ከ1960 ጀምሮ በነጻ ጨዋታ ፈንታ ተጨማሪ ኳስ የሚሰጡ ማሽኖችን ያወጣ ነበር፤ ጎልድ ስትራይክም የዚህ ወገን ነው። ይህን የማነሣው ለታሪክ ያህል አይደለም። ከላይ ሲታዩ የሚመሳሰሉ እህትማማች ማሽኖች ከሥር ያለው የሽቦ አሠራራቸው ይለያያል፤ የአንዱን የኤሌክትሪክ ንድፍ ይዞ ሌላውን የሚጠግን ሰው የሌለ ሪሌ ሲፈልግ ይውላል። የማሽንዎን ስም፣ ዓመትና ሥዕል በኢንተርኔት ፒንቦል ዳታቤዝ ላይ ያመሳክሩ፤ ከዚያም የዚያኑ ማሽን ንድፍ ፈልገው በትልቅ ወረቀት ያሳትሙ። ዋናው ቅጂ በፋብሪካው ታጥፎ በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ ስለነበር ከታች ወለሉ ላይ አቧራ ለብሶ ሊያገኙት ይችላሉ። ያለ ንድፍ የኤሌክትሮ-ሜካኒካል ማሽን ጥገና አይጀመርም።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ እንግባ። ማሽኑ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ የሚፈልገው 115 ወይም 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው፤ 220 ቮልት በሚሠራበት አገር በቀጥታ ከተሰካ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ወደ ውጭ የተላኩ ብዙ ማሽኖች በትራንስፎርመሩ ላይ ለተለያየ ቮልት የተዘጋጁ ማያያዣዎች ስላሏቸው በመጀመሪያ የትኛው እንደተያያዘ በንድፉ አማካይነት ያረጋግጡ። ማያያዣው ከሌለ አቅሙ የተመጣጠነ ቮልት ቀናሽ ትራንስፎርመር ከውጭ ያስገቡ። በ50 ኸርዝ ሲሠራ ሞተሩ በመጠኑ ዘገምተኛ ይሆናል፤ ትራንስፎርመሩም ከወትሮው ይሞቃል፤ ሲነኩት እጅ የማያስችል ሙቀት ካለው ግን ሌላ ችግር አለ ማለት ነው።

የሶኬት ገመዱን ይመርምሩ። የዚያ ዘመን ገመድ የደረቀና የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ባለፉት ባለቤቶች እጅ የምድር ሽቦ የሌለው ገመድ ተተክቶበት ይሆናል። ባለሦስት ሽቦ አዲስ ገመድ ያስገቡ፤ የምድር ሽቦውንም ከትራንስፎርመሩ ብረት፣ ከሳንቲም በሩና ሰው ከሚነካቸው ብረታማ ክፍሎች ጋር በደንብ ያገናኙ። ከትራንስፎርመሩ ወዲህ ያሉት ኮይሎች (ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው በመካከላቸው ያለውን ዘንግ የሚስቡ የሽቦ ጥቅሎች) የሚሠሩት በ25 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ብዙም የሚያስፈሩ አይደሉም፤ ዋናው ፊውዝ፣ የማብሪያው ስዊችና የትራንስፎርመሩ መግቢያ ግን የግድግዳውን ሙሉ ቮልት ይዘዋል፤ ማሽኑ ተሰክቶ እያለ በእነዚህ አካባቢ እጅዎን አያስገቡ።

ቀጥሎ ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጥተው ከንድፉ ጋር ያመሳክሩ። ከታዘዘው የበለጠ አምፔር ያለው ፊውዝ የገባበት፣ ወይም የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለበት ፊውዝ ካገኙ፣ አንድ ሰው ከእርስዎ በፊት ሾርት ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ ሊያልፈው መርጧል ማለት ነው፤ ሾርቱ ደግሞ ምናልባት አሁንም እዚያው ተቀምጧል። በየኮይሉ ላይ የተጠቀለለውን ወረቀት ይመልከቱ። የጠቆረ፣ የተቃጠለ ወይም ያበጠ ኮይል ካለ በውስጡ ያለውን ዘንግ በጣትዎ ያንቀሳቅሱ፤ ሙቀቱ ቱቦውን አቅልጦት ከሆነ ዘንጉ አይንሸራተትም። በወረቀቱ ላይ የታተመው የኮይል ቁጥር ስለሚኖር ቁጥሩ አንድ ከሆነ ጤነኛ ኮይል ጋር በቴስተር ኦሙን ያወዳድሩ፤ በጣም ዝቅ ያለው ውስጥ ለውስጥ የተገናኘ ነው፤ መለወጥ አለበት። በጀርባ ሣጥኑና በታችኛው ሣጥን መካከል ያሉትን ትልልቅ መሰኪያዎች ነቅለው እግሮቻቸውን እስኪያበሩ ድረስ ይጥረጉ። በዚህ ሥራ ብቻ ግማሹ «ብልሽት» የሚጠፋበት ማሽን ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ሳይሰካ የሚሠራ ነው። ሳይሰካ የሚሠራ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ማንኛውንም ተንቀሳቃሽ ክፍል በእጅዎ እያንቀሳቀሱ ወደ ቦታው በራሱ መመለሱን ማየት ነው። ሪሌው ሲጫን ይመለሳል? ባለእርከን ቆጣሪው (በየምቱ አንድ እርከን የሚዞረው ክፍል) ሲለቀቅ በሞላው ጉልበት ወደ ዜሮ ይበራል ወይስ መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል? በፋብሪካ የተቀባው ግሪስ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጠንክሮ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ፣ ቆጣሪዎቹ የሚቀሩት በአብዛኛው መንገድ ላይ ነው። መፍትሔው ተጨማሪ ዘይት አይደለም። ቆጣሪውን ፈታትተው የደረቀውን ግሪስ በአልኮል አጥበው፣ የመዳብ ነጥቦች ያሉበትን ክብ ሰሌዳ በስሱ ጠርገው፣ በዘንጉ ላይ በጣም ጥቂት አዲስ ቅባት ብቻ አድርገው መልሰው ይግጠሙት። ከመፍታትዎ በፊት ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ፤ ሞላው ስንት ዙር ተጠምዝዞ እንደነበረም ይጻፉ። ዝገት ማላቀቂያ የሚረጩ ቆርቆሮዎችን ወደዚህ ማሽን አያስጠጉ፤ አቧራ ይሰበስባሉ፤ በኮንታክቶች አካባቢም ብልጭታ ሲያገኛቸው ሊቀጣጠሉ ይችላሉ።

አሁን ሊሰኩት ይችላሉ። የሚጠበቀው ይህ ነው፦ የማስጀመሪያውን ቁልፍ ሲጫኑ ሞተሩ ይነሣል፣ የቁጥር ከበሮዎቹ እየተንኳኩ ወደ ዜሮ ይመለሳሉ፣ የወደቁት ዒላማዎች ይነሣሉ፣ ኳስ ይወጣል፣ ሞተሩ ይቆማል። ከረጅም ዕረፍት በኋላ ግን ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ሞተሩ ሳያቋርጥ ይዞራል፣ አንዱ ከበሮም ሳያቋርጥ ይንኳኳል። እዚህ ላይ ወዲያው ያጥፉት፤ ለሁለት ምት ብቻ የተሠራ ኮይል ደቂቃ ሙሉ ከተመታ ይቃጠላል። ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ነው። እያንዳንዱ ከበሮ ዜሮ ላይ ሲደርስ የሚከፈት ትንሽ ስዊች አለው፤ ማሽኑ «ሁሉም ዜሮ ላይ ደርሰዋል» ብሎ ሞተሩን የሚያቆመው በእነዚህ ስዊቾች ምስክርነት ነው። አንዱ ከተጣመመ ወይም ከበሮው ግማሽ መንገድ ላይ ከተንጠለጠለ ምስክሩ ሳይሟላ ይቀራል። ስለዚህ ቁጥሩ ዜሮ ላይ ያልቆመውን ከበሮ በዓይንዎ ይለዩ፤ ሁሉም ዜሮ ላይ ቆመው ሞተሩ ግን የሚዞር ከሆነ የዜሮ ስዊቾቻቸውን በየተራ በቀጭን ወረቀት እየለያዩ የትኛው እንደሚያስቆመው ይፈልጉ። ማሽኑ ፈጽሞ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ በሳንቲም በሩና በሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ድብደባ መከላከያ ስዊቾች ይመርምሩ፤ በጎትሊብ ማሽኖች እነዚህ ዘወትር ተገናኝተው የሚቆዩ ናቸው፤ በቆሻሻ ምክንያት ከተከፈቱ ማሽኑ ሰው እየደበደበው ነው ብሎ ስለሚያምን አይሠራም።

ስለ ስዊች ማስተካከል በዝርዝር መናገር ያስፈልገኛል፤ ይህን የቻለ ሰው የማሽኑን አብዛኛውን ሥራ ችሏል። ስዊቹ ሁለት ቀጭን የብረት ምላሶች ሲሆን በየጫፋቸው ትንሽ ኮንታክት አለ። ምላሶቹ በሥራቸው ከማይመራ ቁራጭ ጋር ተደራርበው በሁለት ብሎን ታስረዋል፤ ያ ቁራጭ በዓመታት ብዛት ስለሚኮማተር ብሎኖቹ ይላላሉ። ስለሆነም መጀመሪያ ብሎኖቹን ያጥብቁ፤ ሳያጠብቁ ያስተካከሉት ስዊች በሳምንቱ ይዛባል። ከዚያ ኮንታክቶቹን በቀጭንና ተጣጣፊ ሞረድ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጥረጉ፤ የብርጭቆ ወረቀት ግን ፍርፋሪ ስለሚተው አይጠቀሙ። ክፍተታቸው ሲለያዩ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይበቃል። ወሳኙ ነገር ሲነካኩ የሚሆነው ነው፤ አንደኛው ምላስ ሌላኛውን ከነካ በኋላ በትንሹ ገፋ አድርጎት መሄድ አለበት። በዚያ ጥቂት ግፊት ኮንታክቶቹ እርስ በርሳቸው ይፋተጋሉ፤ በየጨዋታው ራሳቸውን ያጸዳሉም። ነክተው ብቻ የሚቆሙ ኮንታክቶች ዛሬ ቢሠሩም ከወር በኋላ ዝም ይላሉ። ምላሱን የሚያጥፉት ከሥሩ አጠገብ በማስተካከያ መሣሪያ ነው፤ ከመካከሉ በፒንሳ የታጠፈ ምላስ ማዕበል ይሠራል፤ ዳግም ቀጥ አይልም። ይህ ሁሉ ለኤሌክትሮ-ሜካኒካል ማሽን ነው፤ የኋለኞቹ ኤሌክትሮኒክ ማሽኖች በሰሌዳ ስዊቾቻቸው ላይ ወርቅ የተለበጡ ኮንታክቶች ስላሏቸው እነሱን ሞረድ ማስነካት ማጥፋት ነው፤ በንጹሕ ወረቀት ማጽዳት ይበቃል።

ፍሊፐሩ የፒንቦል ልብ ስለሆነ ለብቻው ላንሣው። ጎትሊብ በ1947 «ሃምፕቲ ደምፕቲ» የተባለውን ማሽን ሲያወጣ ሃሪ ማብስ የፈጠራቸውን ስድስት ፍሊፐሮች በጎንና በጎን ገጠመበት፤ ከዚያ በፊት ተጫዋቹ ኳሱን ለቅቆ ማሽኑን ከመነቅነቅ በቀር የሚሠራው ነገር አልነበረውም። በእርስዎ ማሽን ውስጥ እያንዳንዱ የፍሊፐር ኮይል ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው፦ አንዱ ወፍራምና ኃይለኛ፣ ሌላው ቀጭንና ፍሊፐሩን ወደ ላይ ይዞ የሚያቆይ። በዘንጉ መጨረሻ ላይ ያለው ስዊች ተገናኝቶ ሲቆይ ኃይለኛው ጥቅል ብቻ ይሠራል፤ ፍሊፐሩ ጥግ ሲደርስ ስዊቹ ይከፈትና ቀጭኑ ጥቅል በመስመሩ ገብቶ ኮይሉ እንዳይቃጠል የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ ይቀንሳል። ከዚህ አሠራር ሁለት በሽታዎች ይወለዳሉ። ስዊቹ ጥግ ላይ ካልተከፈተ ተጫዋቹ ቁልፉን ይዞ በቆየ ቁጥር ኮይሉ ይጋያል። ስዊቹ በቆሻሻ ምክንያት በደንብ ካልተገናኘ ደግሞ ፍሊፐሩ ከመጀመሪያው በቀጭኑ ጥቅል በኩል ስለሚሠራ አቅመ ቢስ ይሆናል። ሁለተኛውን በሽታ ብዙ ሰው «ኮይሉ ደክሟል» ብሎ ይተረጉመውና የበለጠ ኃይል ያለው ኮይል ይገጥማል፤ በዚያን ጊዜ ኳሱ ዒላማዎቹን መስበር ይጀምራል። ኮይል በዕድሜ ብቻ አይደክምም፤ የሚያረጁት በዙሪያው ያሉት ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ፍሊፐሩን ሲያድሱ የኮይሉን ውስጠኛ ቱቦ በአዲስ የናይሎን ቱቦ ይለውጡ፤ የዘንጉ ጫፍና ማቆሚያው በድብደባ ብዛት እንደ እንጉዳይ ተዘርግተው ከሆነ እነሱንም ይለውጡ፤ የመጨረሻውን ስዊች ኮንታክት ደግሞ እዚህ ጠንካራ ቱንግስተን ስለሆነ በትንሽ ጠንካራ ሞረድ ያጽዱ። ፍሊፐሩ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ ክፍተቱ ሦስት ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ቱቦው ውስጥ ዘይት አይግባ።

ከኤሌክትሪኩ ውጭም ጨዋታውን የሚያበላሹ ጥቂት ቀላል ነገሮች አሉ። ሁሉንም የጎማ ቀለበቶች ይለውጡ፤ ልካቸውን ግን አይቀንሱ፤ በጣም የተወጠረ ጎማ ምሰሶዎችን ያጎብጣል። ኳሱን ይለውጡ፤ መደበኛው 27 ሚሊ ሜትር ስፋትና 80 ግራም ያህል ክብደት ያለው ሲሆን፣ የተቦረቦረ ኳስ በየዙሩ የሰሌዳውን ቀለም ይፍቃል። ተዳፋቱንም በዲግሪ መለኪያ ያስተካክሉ። በብዙ ቦታ የሚጠቀሰው 6.5 ዲግሪ ለኤሌክትሮኒክ ማሽኖች የወጣ ልክ ነው፤ የኤሌክትሮ-ሜካኒካል ማሽን ፍሊፐሮች ያን ያህል ጉልበት ስለሌላቸው ለእነሱ የሚስማማው 3.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ6.5 ዲግሪ የቆመ ኤል ዶራዶ ከላይ ያሉትን ዒላማዎች ለመምታት ይቸገራል፤ ባለቤቱም እንደገና ኮይሉን መጠርጠር ይጀምራል።

እንግዲህ ይጫወቱበት። ለጥቂት ሳምንታት በየጊዜው፣ እንግዶችም እየጋበዙ ይጫወቱበት፤ ከአጠገቡ ደብተር አስቀምጠው የሚያሳየውን ጠባይ ሁሉ ከነሁኔታው ይመዝግቡ። «አንዳንድ ጊዜ ነጥብ አይቆጥርም» የሚለው መዝገብ አይጠቅምም፤ «የግራው ባምፐር ቦነስ መብራት ሲበራ ብቻ አይቆጥርም» የሚለው ግን በንድፉ ላይ በቀጥታ ወደ አንድ ሪሌ ይመራል። ማሽኑ ሲጸና ወደ ሰሌዳው ይሂዱ።

ሰሌዳው ላይ የሚያዩት ጥቁረት ሁሉ የጠፋ ቀለም አይደለም። የአሮጌ ሰም፣ የአቧራና ከኮይሎች የሚወጣ የብረት ብናኝ ድብልቅ ኳሱ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ክብ ክብ ጠባሳ ይሠራል፤ ይህ ይጸዳል። በላይተር ቤንዚን የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይጀምሩ፤ መስኮት ከፍተው፣ ከእሳትና ከብልጭታ አርቀው፣ ማሽኑን ነቅለው ይሥሩ። ውኃ አያብዙ፤ ሰሌዳው ኮምፔርሳቶ ስለሆነ በተሰነጠቀው ቫርኒሽ በኩል ውኃ ከገባ እንጨቱ ያብጣል። ከሜላሚን ስፖንጅ ጋር አልኮል መጠቀም በጣም ያነጣል፤ ነገር ግን ቫርኒሹን እየላገ የሚያነጣ ስለሆነ አንድ ጊዜ ከዘነጉ ቀለሙን ይዞ ይነሣል። ማንኛውንም ፈሳሽ በመጀመሪያ ከኳስ መመለሻው መሸፈኛ ሥር፣ በማይታየው ቦታ ይሞክሩ።

ከጽዳት በኋላ የቀረው ባዶ እንጨት ከጠቅላላው ትንሽ እጅ ከሆነ፣ የእኔ ምክር የጎደለውን ብቻ መሙላት ነው። እንጨቱን ያጽዱ፤ በዙሪያው ያለውን ቀለም እንዳይላጥ በቀጭን ግልጽ ሽፋን ያሽጉ፤ ከዚያ በላይ በውኃ በሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም፣ በቀን ብርሃን እያነጻጸሩ፣ ከዋናው ቀለም ጥቂት ጠቆር አድርገው ይሙሉ። ከፋብሪካ የወጣው ቀለም በስክሪን የታተመ ስለሆነ ጠርዞቹ ሹል ናቸው፤ ጥቁሩን የጠርዝ መስመር መጨረሻ ላይ ያድርጉት፤ ዓይን የሚታለለው በቀለሙ ሳይሆን በመስመሩ ነው። የተሞላው ከግልጹ ሽፋን በላይ ስለሆነ የሚቀጥለው ባለቤት ካልወደደው ከሥሩ ያለውን ሳይጎዳ ሊያነሣው ይችላል። በሰሌዳው ውስጥ የተገጠሙት የብርሃን ፕላስቲኮች ከሰሌዳው ዝቅ ብለው ወይም ከፍ ብለው ከሆነ ኳሱን ስለሚያዛንፉ ከቀለሙ በፊት ከሥር ተስተካክለው በኢፖክሲ መጣበቅ አለባቸው።

ባለሁለት ውሁድ የመኪና ክሊርን በተመለከተ ያለኝን አስተያየት አልደብቅም፤ ለእርስዎ ሰሌዳ አልመክረውም። ውበቱ አያከራክርም፤ ጥንካሬውም እንደዚያው። ነገር ግን በ1975 ቫርኒሽ ላይ ሲረጭ አንዳንዴ የሥሩን ንብርብር ያኮማትራል፤ ያ ከሆነ የጎርደን ሞሪሰን ሥዕል ተመልሶ አይገኝም። ኳሱም በመስታወት ላይ እንደሚሄድ ያህል ይፈጥናል፤ ክሪንስኪ ማሽኑን የነደፈው ለዚያ ፍጥነት አይደለም። በተጨማሪም ማጠንከሪያው ኢሶሲያኔት የተባለ ሲተነፍሱት የሚጎዳ ኬሚካል ስላለው ተራ የአቧራ ጭንብል አይከላከለውም፤ ንጹሕ አየር ከውጭ የሚያስገባ ጭንብልና የተዘጋጀ የመርጫ ክፍል ያስፈልገዋል። ክሊር ትክክለኛ ምርጫ የሚሆነው ቀለሙ ከግማሽ በላይ ለጠፋበትና በሙሉ ለሚሣል ሰሌዳ ነው። ለእርስዎ የሚበቃው በካርናውባ ሰም (ከዘንባባ ቅጠል በሚገኝ ጠንካራ ሰም) መወልወልና በብዛት በሚመታው የፍሊፐር ፊት ላይ ቀጭን ግልጽ የፕላስቲክ ሽፋን ማንጠፍ ነው፤ በፈለጉ ጊዜ ይነሣል።

በባለሥዕሉ መስታወት ላይ ግን ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥዕሉ የታተመው በመስታወቱ ጀርባ ላይ በተደራራቢ ቀለሞች ነው፤ የአምፖሎቹ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ከመስታወቱ ይለቃል። ጀርባውን በምንም አይንኩ፤ በደረቅ ጨርቅም ቢሆን፤ በአየር ግፊትም አቧራውን ላብንን አይበሉ። ፊቱን ብቻ፣ ማጽጃውን ከመስታወቱ ላይ ሳይሆን ከጨርቁ ላይ ረጭተው ያጽዱ። ሲያወጡት አቁመው ያስቀምጡ። መላላጡ እንዳይቀጥል በወፍራም ግልጽ አክሪሊክ የሚያሽጉት አሉ፤ ሥራውን ያከናውናል፤ ነገር ግን ይህም ከማይመለሱት ሥራዎች አንዱ ስለሆነና አንዳንድ ቀለሞችን ስለሚያሸበሽብ በፍሬሙ በሚሸፈነው ጠርዝ ላይ ሞክረው፣ ጥቂት ቀን ጠብቀው ብቻ ይወስኑ። የለቀቀውን ቅርፊት በማጣበቂያ ወደ ቦታው ለመመለስ አይሞክሩ፤ ይሰባበራል። ከጀርባው ቀለም ለመሙላት የሚያስቡ ከሆነም ባዶ በሆነው ቦታ ላይ ብቻ፣ ከታሸገ በኋላ ይሁን።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የአምፖሎቹ ጉዳይ ነበር። በዚህ ዘመን ማሽኖች ውስጥ ያሉት የ6.3 ቮልት አምፖሎች ሲሆኑ፣ 44 ቁጥር የተባለው 250 ሚሊ አምፔር፣ 47 ቁጥር የተባለው ደግሞ 150 ሚሊ አምፔር ይወስዳሉ። ሁሉንም ወደ 47 ቁጥር ከቀየሩ ብርሃኑ በጥቂቱ ቢቀንስም ሙቀቱና የትራንስፎርመሩ ጭነት በብዙ ይወርዳል፤ መስታወቱን ከሚያተርፉት ነገሮች ዋነኛው ይህ ነው። ኤልኢዲ ከዚህም ያነሰ ይሞቃል፤ ስለዚህ ከመስታወቱ ጀርባ ብቻ ቢጠቀሙበት አልቃወምም። ሲገዙ ግን ቀዝቃዛ ነጭ ሳይሆን ሞቅ ያለ ነጭ የሆነውን፣ ጫፉም ብርሃን የሚበትን የሆነውን ይምረጡ፤ ሥዕሉ የተቀናበረው ለአምፖል ቢጫ ብርሃን ስለሆነ ሰማያዊነት ያለው ኤልኢዲ ቀዩን ያገረጣል፤ ነጠብጣብ ብርሃኑም የተላላጠውን ቦታ ሁሉ ያጋልጣል። መስመሩ ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ በዓይን የሚታይ መርገብገብ ይኖረዋል፤ ለኤሲ ተብሎ የተሠራውን ይጠይቁ። በሰሌዳው ላይ ግን 47 ቁጥሩ ይቆይ፤ አዲስ አምፖል ከመግጠምዎ በፊትም ማቀፊያዎቹን ያጽዱ፤ በዚህ ዕድሜ ላይ ካሉ ማሽኖች የማይበሩት አብዛኞቹ መብራቶች አምፖላቸው ጤነኛ ሆኖ ማቀፊያቸው የዛገ ነው።